አሮጌ ሌንሶች፣ ሌላ ካሜራ

በቦርሳዬ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ዋጋው ክፉኛ የወረደው ካሜራው ራሱ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ያንን ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ገበያ ባወጣው የማገኘው ገንዘብ ለአንድ ሠርግ ከምቀበለው ቀብድ አይበልጥም ነበር። ሌንሶቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚሄደው፣ ብቻውን 950 ግራም የሚመዝነው ባለ ቀይ ቀለበት፤ ነጩ 70-200፤ ለፊት የምወዳት 85፤ ከሁሉም በፊት የገዛኋት ፕላስቲኳ 50። አንዱን የገዛሁት በጥር ሠርጎች ገቢ ነው፤ አንዱን ዕቁብ ሲደርሰኝ፤ ነጩን ደግሞ ሙያውን ትቶ ወደ ውጭ ከሚሄድ ባልደረባዬ ላይ፣ ገሚሱን በእጁ ሰጥቼ ገሚሱን ከሄደ በኋላ ለእናቱ እያደረስኩ ነው የጨረስኩት። የዕድሜዬ ቁጠባ ያለው እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ነው።

ስለ ካሜራው ክፉ አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ፣ ሰንሰሩ የድሮውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል ሰፍቶ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲጂታል ኤስኤልአር ነበር። ረዳት ሆኜ የሠራሁባቸው የሙዚቃ ክሊፖች የተቀረጹት በዚሁ ሞዴል ነው። በትከሻ በሚያዝ ትልቅ የቪዲዮ ካሜራ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች፣ የዘፋኙ ፊት ጠርቶ ከኋላው ያለው ሁሉ ሲደበዝዝ በትንሿ ስክሪን አይተው እንዴት እንደተደነቁ አስታውሳለሁ። የራሴን የገዛሁት ከሁለተኛ እጅ ነው። ሸተሩ 150 ሺህ ጊዜ ያህል እንዲከፈትና እንዲዘጋ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የእኔው ከዚያ እጅግ አልፎ ነበር። ያም ሆኖ አንድ ሠርግ እንኳ አላስቀረብኝም።

ግንቦት ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ሩጫ መሃል፣ አንድ ቅልቅል አንስቼ ማታ ኮምፒውተር ላይ ስጭን በአንዳንዱ ፎቶ ላይ የላይኛው ጠርዝ ጥቁር ሆኖ አገኘሁት። የሰዎቹ ፀጉር የለም፤ እንደ መጋረጃ ያለ ጥቁር ነገር ወርዶበታል። ሸተሩ በጊዜው መከፈት አቅቶት ነው። ጠጋኙን ለማግኘት ራሱ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ፒያሳ የነበረበት ቤት በዚያው ዓመት ከሌሎቹ አሮጌ ቤቶች ጋር ፈርሶ ወደ ሌላ ሠፈር ሄዶ ነበር። ካሜራውን ከፍቶ፣ በመብራት አይቶ፣ መልሶ ዘጋው።

«ከሞተ ካሜራ ነቅዬ ልገጥምልህ እችላለሁ» አለኝ። «ግን እሱም ያረጀ ነው። ስንት ወር እንደሚሄድልህ አልምልልህም። ወንድሜ፣ ይኼ ካሜራ አላታለለህም፤ ሥራውን ጨርሷል።»

ሸተሩን አስገጠምኩ፤ ክረምቱን እንዲያሻግረኝ። ከዚያ ምርጫው መጣ። ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ወደ ሶኒ ሄደዋል፤ ሥራቸውንም አይቻለሁ፣ ያምራል። ግን እኔ ወደዚያ ልሂድ ብል አራቱንም ሌንስ ሸጬ ነው፤ ያገለገለ ሌንስ ደግሞ ገዢው «ፈንገስ አለበት? የለበትም?» እያለ በባትሪ መብራት ካየ በኋላ የሚሰጠው ዋጋ ልብ ይሰብራል። ሌላው መንገድ የዚያው ቤተሰብ ተከታይ የሆነ፣ ባለ መስታወት 5ዲ መግዛት ነበር። ሦስተኛው የራሱ የካኖን ሚረርለስ የሚባለው፣ መስታወት የሌለው ካሜራ ነው። እዚህ ላይ አንድ ፍርሃት ያዘኝ። ፍርሃቱ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ ፎቶ ካስተማሩኝ ሰው የወረስኩት ነው።

ጋሼ ፒያሳ ስቱዲዮ የነበራቸው ሰው ናቸው። በካኖን ኤኢ-1 ነበር የሚሠሩት፤ ኤፍዲ በሚባሉት ሌንሶች። እ.ኤ.አ. በ1987 ኩባንያው ኢኦኤስ የሚባሉትን ካሜራዎች ሲያወጣ መግጠሚያውን ከሥሩ ቀየረው። ሌንሱንና ካሜራውን የሚያገናኙት ዘንጎች ቀርተው ሁሉ ነገር በኤሌክትሪክ ሆነ፤ ለአውቶ ፎከስ ሲባል ነው። የጋሼ ኤፍዲ ሌንሶች ከአዲሱ ጋር አልገጠሙም። ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ በመስታወት ቁም ሣጥን ተደርድረው ይታያሉ፤ ብርጭቆአቸው የጠራ፣ አፐርቸራቸው ሲዞር ዛሬም «ጠቅ ጠቅ» የሚል።

ልጅ ሳለሁ ይህ ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። ቀለበት ቢሠሩለት ምን ነበረበት? ነገሩ ያለው ርቀት ላይ ነው። እያንዳንዱ ሌንስ የተሠራው ከፊልሙ ወይም ከሰንሰሩ ይህን ያህል ርቆ እንዲቀመጥ ተለክቶ ነው። በኤፍዲ ርቀቱ 42 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ኢኤፍ በሚባለው በአዲሱ መግጠሚያ፣ የእኔም ሌንሶች በተሠሩበት፣ 44 ሆነ። አሮጌው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ሲቀመጥ ከሚገባው ሁለት ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ በዚያ ላይ የማገናኛው ቀለበት ውፍረት አለ። ሌንስ ከቦታው ሲርቅ ቅርብ ያለውን ያጠራል እንጂ ሩቁን አያገኝም። እንጦጦን ከፒያሳ ልታነሳ ብትል ተራራው እንደ ጭጋግ ይሆንብሃል። ይህን ለማረም በመሃል ሌላ ብርጭቆ መጨመር ያስፈልጋል፤ የተጨመረው ብርጭቆ ደግሞ የዋናውን ሌንስ ጥራት ይቀንሳል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2018 ያው ኩባንያ አርኤፍ የሚባል አዲስ መግጠሚያ ማውጣቱን ስሰማ የጋሼ ቁም ሣጥን ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ካሜራ ልቀይር መሆኑን ስነግራቸውም የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እሱው ነበር።

«ያንተዎቹስ ይገጥማሉ? ልጄ፣ የካሜራውን ነገር ተወውና መጀመሪያ እሱን አረጋግጥ።»

አረጋገጥኩ። የዚህኛው ሂሳብ የተገላቢጦሽ ነው። መስታወቱ ከካሜራው ውስጥ ሲወጣ፣ መስታወቱ ብድግ ቁጭ የሚልበት ቦታም ቀረ፤ ርቀቱ ከ44 ወደ 20 ሚሊ ሜትር ወረደ። በመሃል 24 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ተገኘ ማለት ነው። አሮጌው ሌንስ የለመደውን ርቀት እንዲያገኝ የሚያስፈልገው ልክ 24 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ባዶ ቱቦ ነው፤ ብርጭቆ የሌለው፣ የኤሌክትሪክ መልእክቱን ብቻ የሚያሳልፍ። የአፉ ስፋትም በሁለቱም 54 ሚሊ ሜትር ነው። በ1987 ሁለት ሚሊ ሜትር የዘጋችው በር በ2018 በ24 ሚሊ ሜትር ተከፈተ።

ወሰንኩ። ለመግዛት ግን አልደረስኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን መደረጉ ተነገረ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፎ ሄደ። በብር ያጠራቀምኩት ገንዘብ እዚያው ደብተሩ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ከዚያ ቀን በፊት ሌንሶቼን ይዞ መቆየት አንዱ አማራጭ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ብቸኛው ሆነ። አር6 የሚባለው የካኖን ሚረርለስ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ዋጋው 2,499 ዶላር ነበር። ለአዲሱ መግጠሚያ የተሠሩት 24-70 እና 70-200 ሌንሶች ደግሞ ሲወጡ የአንዱ 2,299 የሌላው 2,699፤ ሁለቱ ብቻ የካሜራውን እጥፍ ይወስዳሉ። ባዶው ቱቦ ሲወጣ 100 ዶላር ያህል ነበር።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች፤ ታላቄ ናት። ያገለገለ አር6 እንድትፈልግልኝ ደወልኩላት።

«ቦዲ ብቻ ይላል እኮ» አለችኝ በስልክ፣ እያነበበች። «ሌንስ የለውም። ያለ ሌንስ ምን ያደርግልሃል?»

«ሌንስ አለኝ፣ እታለም።»

«አሮጌዎቹ? ከገዛህ አይቀር የሚሆነውን ግዛ እንጂ።»

አስረዳኋት። አሳምኛት ይሁን ሰልችቷት አላውቅም፣ ገዛችው። ኅዳር ላይ ለለቅሶ ከመጡ ዘመዶች ጋር፣ በሹራብ ተጠቅልሎ ደረሰ። አዳፕተር የሚባለውን ያን ባዶ ቱቦ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ወደ መስኮቱ አንስተው በመሃሉ አዩ፤ ከዚያ ጣታቸውን አስገብተው በዚያኛው በኩል አወጡት።

«ባዶ ነው!» አሉ። ደጋግመው አሉት። ከዚያ ተነስተው የቁም ሣጥኑን በር ከፈቱና ከኤፍዲዎቹ አንዱን አውጥተው ከአዳፕተሩ ጎን አስቀመጡት። ልኩ ሌላ ነው፤ ያ አዳፕተር ለእነሱ አይሆንም። ግን ርቀቱ አሁን ስለሚፈቅድ ለኤፍዲም የሚሆን ቀለበት አለ፤ አውቶ ፎከስ የለውም እንጂ ሩቁንም ያጠራል። ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ለ50 ሚሊ ሜትሯ አምጣልኝና እናያለን» አሉ።

አሁን ወደ 85ቷ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣች፣ 425 ግራም የምትመዝን፣ ቀይ ቀለበት የሌላት ሌንስ ናት። በኤፍ 1.8 ሲከፈቱባት ለስላሳ ናት ይባላል፤ እኔም በአሮጌው ካሜራ ላይ ይኸው ነው ያየሁት። ዓይን ላይ አነጣጥሬ ጆሮ ይጠራል። በቅርብ ስትነሳ የጥራቱ ጥልቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነውና ትንሽ መሳት ሁሉን ያበላሻል። በካሜራው ማስተካከያ አርሜያት ነበር፤ በሁለት ሜትር ርቀት ሲስማማ በአምስት ሜትር ይፈርሳል። ስለዚህ ለዓመታት እስከ ኤፍ 2.8 አጥብቤ ነው የሠራሁባት፤ የተገዛችበትን ብርሃን ከፊሉን ትቼ ማለት ነው።

ባለ መስታወት ካሜራ ላይ፣ በመመልከቻው እያዩ ሲያነሱ፣ ፎከስ የሚለካው ፎቶውን በሚያነሳው ሰንሰር አይደለም። ከዋናው መስታወት ኋላ ሌላ ትንሽ መስታወት አለች፤ ከብርሃኑ ጥቂቱን ወደ ታች፣ ካሜራው ወለል ላይ ወዳለው መለኪያ ትልካለች። ወደ ሰንሰሩ የሚሄደው መንገድና ወደ መለኪያው የሚሄደው መንገድ እኩል መሆን አለባቸው። ከፀጉር የቀጠነ ልዩነት ካለ ካሜራው «አግኝቻለሁ» ብሎ ድምፅ ይሰጣል፤ ፎቶው ግን ስቷል። መስታወቱ ሲያረጅ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ይህ የባለ መስታወት ካሜራ ሁሉ ባሕርይ ነው። ሚረርለስ ላይ ፎከሱን የሚለካው ራሱ ሰንሰሩ ነው፤ ሁለት መንገድ የለም።

ካሜራው በመጣበት ማታ ባለቤቴ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር፤ ከላይ አንድ አምፖል። 85ቷን ገጥሜ፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ቀና ሳትል አነሳኋት። ሳሰፋው ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በእጇ የያዘችው የቀይ እስክርቢቶ ጫፍ ቀድሞ ደብዝዟል፤ ከጆሮዋ ወዲያ ያለው ሁሉ ጠፍቷል፤ ዓይኗ ግን እዚያ ነው። ደግሜ አነሳሁ። ደግሞም ያው ነው። ከግድግዳው ጥግ፣ ከበሩ፣ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ አነሳሁ፤ ርቀቱ ቢቀያየርም ያው ነው። ሌንሷ ያን ሁሉ ዓመት ንጹሕ ነበረች። በደሉ ከኋላዋ ነበር።

የዚያን ሌሊት የተሰማኝ ደስታ አዲስ ዕቃ የማግኘት ደስታ ብቻ አልነበረም። በውሸት የተከሰሰ ሰው ነፃ ሲወጣ የሚሰማው ዓይነት ነበር። እንቅልፍ ሳይወስደኝ የቆዩ ፋይሎች እየከፈትኩ በ85ቷ ያነሳኋቸውን ሙሽሮች ፊት ሳይ አመሸሁ።

በነገራችን ላይ፣ አሮጌው ካሜራ 21.1 ሜጋፒክስል ነበር፤ አር6 20.1 ነው። ቀንሷል። ደንበኞች «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ቀጥዬም ፎቶውን አሳያለሁ። ስለ ቁጥሩ ደግሞ የጠየቀኝ የለም።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በጥር ነው። እንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ደብር የተክሊል ሥርዓት ነበር። ቅዳሴው ገና በጨለማ ነው የተጀመረው፤ ሙሽሮቹ ካባ ደርበው፣ አክሊል ደፍተው፣ ከመቅደሱ ፊት። ብርሃኑ ጧፍና ከጣሪያው የወረዱ ጥቂት አምፖሎች ናቸው። በቅዳሴ መሃል ፍላሽ ማብረቅ አልወድም፤ ባይከለክሉኝም አላደርገውም። በአሮጌው ካሜራ እንዲህ ያለ ቦታ ከ3200 አይኤስኦ በላይ መሄድ ያስፈራኝ ነበር፤ ጥላው ሁሉ በቀይና በአረንጓዴ ነጠብጣብ ይሞላል። ከዘጠኙ የፎከስ ነጥቦችም በጨለማ የማምነው የመሃሉን ብቻ ነው። አሁን 12800 ላይ ባደርገውም የሙሽራው ቆዳ ቆዳ ሆኖ ቀረ። 24-70ዬ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ነገር የለውም፤ አር6 ግን ሰንሰሩን ራሱን እያንሳፈፈ ስለሚያረጋጋው፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ ሌንስ በእርጅናው የማይንቀጠቀጥ ሆነልኝ። በሰከንድ አንድ ስምንተኛ፣ እስትንፋሴን ይዤ፣ ቀዳሹ ሲንቀሳቀሱ ልብሳቸው እንደ ጢስ ሲሳብ አክሊሎቹ ደርቀው የቆሙበትን አነሳሁ። እንዲህ ያለ ፎቶ በእጅ ይዤ ከዚያ በፊት አንስቼ አላውቅም።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገርም ሆነ። ይህ ካሜራ ዓይን ይፈልጋል፤ ሰው ፊቱ ሲገባ ቅርቡን ዓይን በትንሽ ሳጥን ይይዛል። ሙሽሪት ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ስትቆም ሳጥኑ ጥሏት ሄደ። ወዴት እንደሄደ ስከተለው ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ካለው ሥዕል፣ ከመልአኩ ዓይን ላይ ተቀምጧል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ዓይን እንዴት ሰፍቶ እንደሚሳል ለሚያውቅ ሰው አይገርምም። መሣሪያው ያን ዓይን እንደ ሕያው ዓይን ነው የቆጠረው። ወደ ሙሽሪት በጣቴ መለስኩት፤ መልአኩ የጠራበትንም አንዷን ፎቶ ግን አልሰረዝኳትም። ቤተሰቡ አልበም ሲመርጥ እሷን መረጠ።

ድምፅ አልነበረውም። ሸተሩን በኤሌክትሮኒክ አድርጌዋለሁና «ቀጭ» የሚል የለም። እንዲያውም በዚያ ጸጥታ ውስጥ 50ዋን ስገጥም የሞተሯ «ዥዥ» ጎልቶ ተሰማ፤ ድሮ የመስታወቱ ጩኸት ይሸፍናት ነበር። አውልቄ ቦርሳ ከተትኳት፤ ከዚያ ወዲህ ለሥራ አልያዝኳትም። ከቅዳሴው በኋላ የሚያውቁኝ አንድ ካህን ጠሩኝ።

«ዛሬ ምነው ሳታነሳ ቆመህ ብቻ ዋልክ?»

«አንስቻለሁ አባ። ይኸው ይዩ።»

አንድ በአንድ አዩ። በቀደሙት ሠርጎች «ልጄ፣ ድምፁን ቀንስልን» ሲሉኝ የነበሩ ሰው ናቸው።

ሁሉም ነገር ያለ እክል ሆነ አልልም። ማታ አዳራሽ ውስጥ መድረኩ ላይ ባለው የኤልኢዲ መብራት ስር ያው ድምፅ አልባ ሸተር ፎቶውን በጥቁርና በነጭ ሸርጥ ሞላው፤ ወዲያው ወደ ሜካኒካሉ መለስኩ። የሽማግሌዎችን የቡድን ፎቶ ሳነሳም ሜካኒካሉን እመርጣለሁ፤ ድምፁን ካልሰሙ እንደተነሱ አያምኑም፤ ፊታቸውን አጥብቀው ይጠብቃሉ። 85ቷም ከፎከሱ ክስ ነፃ ብትወጣም የራሷ ጉድለት አላት፦ ሲከፈቱባት በነጭ ነጠላና በጨለማ መሃል ባለው ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ክር ትተዋለች። ለአገር ልብስ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ኮምፒውተር ላይ አስለቅቀዋለሁ፣ ጥለቱን ላለመንካት እየተጠነቀቅኩ። ባትሪም ይበላል፤ የ5ዲው ባትሪዎች ስለሚሠሩለት ግን አሮጌዎቹም ኪሴ ውስጥ አሉ። የቀድሞዎቹ ካርዶች አይገጥሙም፤ እነሱ ቀርተዋል። ነጩ 70-200 በንግግርና በስጦታ ሰዓት ከአዳራሹ ጥግ ሆኖ እንደ ቀድሞው ሠርቷል፤ ስለ እሱ የምጨምረው የለኝም።

የቸገረኝ አንድ አዳፕተር ለሦስት ሌንስ መሆኑ ነው። በጥምቀት ጃንሜዳ ውስጥ፣ ሕዝቡ ሲያዜምና አቧራው ሲነሳ ሌንስ መቀየር ነበረብኝ። አዳፕተሩ ካሜራው ላይ ይቅር ብልም፣ ከሰንሰሩ ፊት የሚጋርደው መስታወት የለም፤ ቱቦው አፉን ከፍቶ ይቆያል። ማታ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች አገኘሁ፣ በመንፊያ አጸዳሁ። ስለዚህ ከጥር ሠርጎች ገንዘብ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ «አሁን የአዲሱን ሌንስ ትገዛለህ» ሲለኝ፣ ሁለተኛ አዳፕተር ነው ያስመጣሁት። አንዱ 24-70 ላይ ተገጥሞ አይወልቅም፤ ሌላው 85ቷ ላይ። ነጩን ስፈልግ የ85ቷን አውልቄ እሰጠዋለሁ፤ እሱንም አቧራ በሌለበት፣ ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ። ሦስተኛውን ከሰኔ በፊት አስመጣለሁ፤ ያን ጊዜም ለጋሼ 50 የሚሆን ቀለበት አብሮ ይመጣል።